ከወለሉ በታች

እንግሊዝ አገር፣ ሊድስ ውስጥ የምንኖርበት ቤት ከ100 ዓመት በላይ ያስቆጠረ የጡብ ቤት ነው። ወለሉ ጣውላ ነው። ጣውላው ከግድግዳ እስከ ግድግዳ በተዘረጉ ወፋፍራም ሞራሌዎች ላይ ተመትቶ ከመሬቱ ከፍ ብሎ ይቆማል፤ ከሥሩ ባዶ ቦታ አለ። አዲስ አበባ በአሮጌ የጣውላ ቤት ያደገ ሰው ይህን ቦታ ያውቀዋል፦ በስንጥቅ የገባች ሳንቲም የማትመለስበት፣ ድመት የምትወልድበት ጨለማ ነው። ልዩነቱ የሊድስ ብርድ ነው። በጥር ወር ከዚያ ጨለማ የሚነሣው ንፋስ በጣውላዎቹ መካከልና በዞኮሎው ሥር ሽው እያለ ይገባል። ማሞቂያው ቀኑን ሙሉ ይሠራል፣ እግራችን ግን በረዶ ነው። ማታ ለቤተሰብ ጸሎት ስንንበረከክ ጉልበታችን ቶሎ አሜን እንድንል ያጣድፈን ነበር።

ከ4 ዓመት በፊት መላ ያገኘን መሰለን። በውጭ በኩል፣ ከግድግዳው ግርጌ፣ ቀዳዳ ቀዳዳ ያላቸው ጡቦች አሉ፤ ሁለት ከፊት፣ ሁለት ከኋላ። ኤርብሪክ ይሏቸዋል። ብርዱ የሚገባው በዚህ ነው ብለን አሮጌ ልብስና ፌስታል ጠቀጠቅንባቸው፤ በላዩም የሚያብጥ ፎም ነፋንበት። በዚያው ሳምንት ቤቱ ሞቅ አለ። ያውም በነጻ እያልን ተደሰትን።

ያ ዓመት ሌላም ነገር የዘጋንበት ዓመት ነበር። የምንካፈልበት ኅብረት ለሁለት ተከፈለ። ዝርዝሩን አናነሣም፤ በውጭ አገር ባሉ አብያተ ክርስቲያናት የቆየ ሰው ይገምተዋል፤ የአገልግሎት፣ የገንዘብ፣ የማን ምን አለ ነገር ነው። እኛም በአንዱ ወገን ቆምን። ረቡዕ ማታ በቤታችን ይደረግ የነበረውን የጸሎት ፕሮግራም አቆምን። ከወዲያኛው ወገን ስልክ ሲደወል ማንሣት ተውን። ለሚጠይቀን ሁሉ “ይቅር ብለናል፣ ለጌታ ሰጥተነዋል” እንል ነበር። ቤታችን ጸጥ አለ። ጸጥታውን ሰላም ብለን ጠራነው።

ባለፈው መስከረም ሳሎኑ እንደ እርጥብ ጆንያ መሽተት ጀመረ። ምንጣፉን አሳጠብን፤ ሻማም አበራን። ከዚያ በመስኮቱ በኩል ያለው ጣውላ ስንረግጠው ወደ ታች ሰርጎድ ማለት ጀመረ። የምናውቀው አናጢ ደግሞ አንድ ብቻ ነው፤ ጋሼ እያልን የምንጠራቸው፣ ከወዲያኛው ወገን የቀሩ ወንድም። ሦስት ሳምንት ሙሉ ሌላ ሰው ፈለግን። አንዱ የጠራው ዋጋ አስደነገጠን፤ ሌላው እመጣለሁ ብሎ ቀረ። በመጨረሻ ለጋሼ ደወልን፤ ከሁለታችን ማን ይደውል በሚለውም ለብቻው ተጨቃጨቅን። “ቅዳሜ ጠዋት እመጣለሁ” አሉ። ሌላ ምንም አልጨመሩም።

መጥተው ምንጣፉን ጠቀለሉ፤ ሦስት ጣውላ አነሡ፤ በሆዳቸው ተኝተው ባትሪ አበሩ። ካቻቪቴያቸውን በአንዱ ሞራሌ ጫፍ ላይ ሲጫኑት እስከ እጀታው ገባ። ከዚያ ወጥተው ግድግዳውን ዞሩና ከአንዱ ኤርብሪክ የልጃችንን የድሮ ሹራብ እጅጌ ስበው አወጡ።

“ይህን ማን ነው የደፈነው?”

“እኛ ነን።”

“ለምን?”

“በርዶን።”

አልሳቁም፤ አልተቆጡምም። ቁጭ ብለው አስረዱን። ከወለሉ ሥር ካለው አፈር ሌሊትና ቀን እርጥበት ይነሣል። የድሮዎቹ ግንበኞች ይህን ስለሚያውቁ ንፋሱ ከፊት ገብቶ በኋላ እንዲወጣ፣ ሲወጣም እርጥበቱን ይዞት እንዲሄድ አደረጉ። በእንጨቱ ውስጥ ያለው ውኃ ከደረቅ ክብደቱ 20 በመቶ ገደማ በታች እስከሆነ ድረስ የሚያበሰብሰው ፈንገስ ሥር አይሰድም። መውጫው ሲደፈን ግን እርጥበቱ እንጨቱ ውስጥ ይገባል፤ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚበሰብሰውም በግድግዳው ውስጥ የተቀበረው የሞራሌ ጫፍ ነው፣ ማንም የማያየው። “ቤቱ የሚተነፍሰው በዚህ ነበር” አሉን።

ታዲያ እየበረደን እንኑር ወይ ብለን ጠየቅን። ሙቀቱ የሚያዘው ከጣውላው ሥር ነው፤ ንፋሱ ደግሞ ከዚያ በታች እንደ ልቡ ይሂድ አሉ። ሥራው ሦስት ቅዳሜ ወሰደ። የበሰበሱትን ጫፎች ቆርጠው፣ መድኃኒት የተነከረ አዲስ እንጨት በጎናቸው በብሎን አሰሩ። በሞራሌዎቹ መካከል መረብ እንደ አልጋ አንጠልጥለን ከቀለጠ ድንጋይ የሚፈተለውን ሱፍ መሳይ ነገር ሞላንበት፤ ክፍተት እንዳይኖር ጠበቅ አድርገን፣ ግን ሳንጠቀጥቀው። ከሥሩ እስከ መሬቱ ቢያንስ 150 ሚሊ ሜትር ነጻ ቦታ ተረፈ። ቱቦዎቹንም ጠቀለልናቸው፤ ሙቀቱ ላይ ሲቀር ታችኛው ቦታ ከበፊቱ ይልቅ ስለሚቀዘቅዝ ውኃው በክረምት ሊረጋ ይችላል። እኛ ይህን በፍጹም አናስበውም ነበር።

ወለሉ ተከፍቶ ባደረበት በመጀመሪያው ቅዳሜ ማታ ወጥ ቤት ተቀምጠን ዘሌዋውያን 14ን አነበብን። መጽሐፍ ቅዱስን ማንበብ ገና የጀመራችሁ ይህ ምዕራፍ ግራ ቢያጋባችሁ አይግረማችሁ፤ እኛም ለዓመታት ዘለነው አልፈናል። ስለ ቤት ደዌ ይናገራል። ካህኑ ቤቱን ከማፍረሱ በፊት ይመረምራል፤ ለሰባት ቀን ይዘጋዋል፤ ደዌው ከሰፋ የተበከሉት ድንጋዮች ተነቅለው ከከተማ ውጭ ይጣላሉ፤ ግድግዳው ይፋቃል፤ በቦታቸው ሌሎች ድንጋዮች ይገባሉ። እኛን ያቆመን ግን መጀመሪያው ነው። ካህኑ ደዌ ፍለጋ ቤት ለቤት አይዞርም። ባለቤቱ ራሱ ሄዶ መናገር አለበት።

እኛ 4 ዓመት ለማንም አልተናገርንም። ለጌታ ሰጥተነዋል ያልነውንም አልሰጠነውም ነበር። ከሁለታችን አንዳችን የዚያን ጊዜ መልእክቶች ከስልኩ ሳያጠፋ እያወጣ ያነባቸው ነበር፤ ሌላችን ይህን እያየ ዝም ይል ነበር። ጌታ ኢየሱስ መባውን በመሠዊያው ፊት ትቶ አስቀድሞ ወደ ወንድሙ ስለሚሄድ ሰው ያስተማረውን ስንት ጊዜ ሰምተናል! ከእኛ አንዱ ሰብኮበትም ያውቃል።

የበደለህን ሁሉ ወደ ቤትህ አስገባ ማለታችን አይደለም። በር መዝጋት ግድ የሚሆንበት ጉዳት አለ፤ እንዲህ ያለ ቁስል ያለበትን ሰው “ዝም ብለህ ታረቅ” ማለትም ጭካኔ ነው። የእኛ ግን እንደዚያ አልነበረም። የእኛ ኩርፊያ ነበር፤ በመንፈሳዊ ቃል የተሸፈነ ኩርፊያ።

በሦስተኛው ቅዳሜ፣ ጥቂት ጣውላ ሲቀር፣ ተናገርን። በዚያን ጊዜ ስለ እርሳቸው ለሽማግሌዎች ምን እንዳልን፣ ከዚያም ውስጥ በዓይናችን ያላየነው የትኛው እንደሆነ ነገርናቸው። ድምፃችን ይንቀጠቀጥ ነበር። ጋሼ መዶሻውን አስቀመጡ። ለረጅም ጊዜ ወደተከፈተው ወለል ሲያዩ ቆዩና፣ “እኔም ስለ እናንተ ብያለሁ” አሉ። ከዚያ ቡና አለ ወይ ብለው ጠየቁ።

የመጨረሻውን ጣውላ በምስማር አልመቱትም፤ በየዓመቱ ከፍታችሁ እዩት ብለው በካቻቪቴ በሚፈታ ብሎን አሰሩት።

ባለፈው ረቡዕ ከባለቤታቸው ጋር ለጸሎት መጡ። ከመንበርከካችን በፊት በመዳፋቸው ምንጣፉን ከዳር እስከ ዳር ዳሰሱትና፣ “በዞኮሎው ጥግ ትንሽ ይቀረዋል” አሉ። ቅዳሜ ሲሊኮን ይዘው ይመጣሉ።