አምፕሊፋየሩ ይግባ ወይስ ይቅር?

መኪና ውስጥ ቴፑን ስትከፍቱ ድምፁን ስንት ቁጥር ላይ ታደርጉታላችሁ? (ቴፕ የምንለው በልማድ ነው እንጂ ካሴት መጉረስ ካቆመ ቆይቷል።) የእኛ ቪትዝ ቴፕ እስከ 40 ይቆጥራል። ከተማ ውስጥ 18 ይበቃናል። ከቱሉ ዲምቱ ፈጣን መንገዱ ውስጥ ገብተን፣ መቶን ይዘን ወደ ቢሾፍቱ ስንወርድ ግን 30 ብናደርሰውም ዘፋኙ የሚለው በቅጡ አይለይም። ከዚያ በላይ ከፍ ሲል ደግሞ ስፒከሩ ይንጫጫል፣ የበሩ ፕላስቲክ ይንቀጠቀጣል።

የ16 ዓመቱ ልጄ መፍትሔው አንድ ነው ይላል፤ አምፕሊፋየር። እሱን ከሰማነውማ አምፕሊፋየር ብቻም አይደለም፣ ከኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ የሚቀመጥ ትልቅ የባስ ሳጥንም ያስፈልገናል። የሳጥኑን ነገር ወዲያው ዘጋሁት። የአስቤዛና የውኃ ጀሪካን ቦታ ለባስ አይለቀቅም።

አምፕሊፋየሩን በቁም ነገር እንዳስብበት ያደረገችኝ ግን እናቴ ናት። 74 ዓመቷ ነው። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ አንዳንዴም ቢሾፍቱ እህቴ ጋ ስንሄድ ከፊት የምትቀመጠው እሷ ናት። መንገድ ላይ በጣም የምትወደው በሬዲዮ የሚተረክ መጽሐፍ ነው። አንድ ነገር ሲያመልጣት ወደ እኔ ዞር ብላ «ምን አለ?» ትላለች፤ እኔ እደግምላታለሁ። ልጆቹም ከኋላ ሆነው ይደግሙላታል፣ መጽሐፉ ውስጥ የሌለ ነገር ጨምረው ያስቋታል። ካለፈው ክረምት ወዲህ ግን መጠየቅ አቆመች። በመስኮት ውጭ ውጭውን ታያለች። «እማዬ፣ ትረካው ሰለቸሽ?» ስላት፣ «አይ፣ ይሁን፣ እናንተ ስሙት» አለችኝ። ዕድሜያቸው የገፋ ወላጆች ያሏችሁ ይህቺን «ይሁን» ታውቋታላችሁ።

ስለዚህ ለእኔ ጥያቄው ገንዘቡን ባወጣ እናቴ ትረካውን ትሰማለች ወይ የሚል ሆነ። ወጪው ደግሞ የዋዛ አይደለም። ባለ አራት መስመር አነስተኛ አምፕሊፋየር፣ ገመዱና የእጅ ዋጋው ሲደመር ከአንድ ልጅ የወር የትምህርት ቤት ክፍያችን ይበልጣል።

መጀመሪያ የዋቱን ነገር ላንሳ፣ ሱቅ ስትገቡ የሚያምታታው እሱ ነውና። ብዙ ቴፖች ላይ «50 ዋት × 4» የሚል ጽሑፍ ታያላችሁ። ይህ ለቅጽበት የሚደርሱበት ጣሪያ ነው። ሳያቋርጡ፣ ድምፁን ሳያበላሹ ለአንድ ስፒከር የሚሰጡት ግን ከ15 እስከ 20 ዋት ገደማ ነው። ሻጩን መጠየቅ ያለባችሁ «አር ኤም ኤስ» የሚባለውን ቁጥር ነው። አነስተኛው አምፕሊፋየር ለእያንዳንዱ ስፒከር 45 ዋት አር ኤም ኤስ ቢሰጥ፣ ድምፁ ከእጥፍ በላይ የሚሆን ይመስላል። አይሆንም። ዋቱ እጥፍ ሲሆን ድምፁ የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ ይህም ጆሮውን ጣል አድርጎ ለሚያዳምጥ ሰው የሚታወቅ ትንሽ ልዩነት ነው። እጥፍ ሆኖ እንዲሰማን 10 ዴሲቤል ገደማ መጨመር አለበት፤ ለዚያ ደግሞ ዋቱ አሥር እጥፍ ማደግ ይኖርበታል። ይህን ሳስረዳው የልጄ ፊት ጠቆረ።

ታዲያ ጥቅሙ ምንድን ነው? ጥራቱ ነው። አምስት ሰው የጫነች ቪትዝ የእንጦጦን ዳገት ስትወጣ አስቧት። መውጣቱን ትወጣለች፤ ሞተሯ ግን እየጮኸ ነው። ቴፑም አቅሙ ሲያልቅ እንዲሁ ነው። የድምፁን ሞገድ ጫፍ ጫፉን ይቆርጠዋል፣ ያ ነው መንጫጫት ሆኖ የሚሰማን። ትርፍ አቅም ያለው አምፕሊፋየር በዚያው ከፍታ ላይ ሳይጨነቅ ያልፋል።

ይሁን እንጂ የእናቴ ችግር የስፒከሩ ብቻ ባይሆንስ? ይህ ሐሳብ ሲመጣብኝ ወደ ሱቁ ከመሄዴ በፊት ወደ ጆሮ ሐኪም ወሰድኳት። አንደኛው ጆሮዋ በኩክ ተደፍኖ ነበር፤ ወጣላት። ከዚያ በተደረገላት ምርመራ ደግሞ በሁለቱም ጆሮዎቿ ቀጫጭን ድምፆችን የመስማት አቅሟ ቀንሷል። ከዕድሜ ጋር የሚመጣ የመስማት መቀነስ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከዚያ ነው። ችግሩ «ስ»ን፣ «ሽ»ን፣ «ፍ»ን እርስ በርስ የምንለየው በእነዚሁ ቀጫጭን ድምፆች መሆኑ ነው። ሰውዬው ሲናገር ይሰማታል፤ ያለው ቃል ግን አይለይላትም። ወፍራሙ የባስ ድምፅ ከበላዩ ሲጨመርበት ደግሞ የቀረውንም ይሸፍነዋል። በእኛ ቴፕ ላይ ባሱ እስከ ጥጉ ተጨምሮ ነበር። ማን እንደጨመረው መናገር አያስፈልገኝም።

እንግዲህ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ይህን ሞክሩ፣ በነፃ ነው። ባሱን ወደ ዜሮ መልሱት። በቴፑ ማስተካከያ ውስጥ «ኤች ፒ ኤፍ» የሚል ምርጫ ካለ 80 ወይም 100 ሄርዝ ላይ አድርጉት፤ ትንንሾቹ የበር ስፒከሮች የማይችሉትን ወፍራም ድምፅ ከመሸከም ይገላገላሉ። ቀጭኑን ድምፅ ጥቂት ጨምሩ። ድምፁንም መስማት ወደሚቸገረው ሰው፣ በእኛ ቤት ወደ ፊት ወንበር፣ አድሉት። እኛ ይህን ሁሉ አድርገን ከሳሪስ እስከ ጎተራ ስንነዳ እማዬ 18 ላይ ትረካውን ያለ አስተርጓሚ ሰማች። በዚያ ቀን አምፕሊፋየሩን ትቼው ነበር።

የመለሰኝ ፈጣን መንገዱ ነው። በትንሽ መኪና ውስጥ በዚያ ፍጥነት የጎማውና የነፋሱ ጩኸት 70 ዴሲቤል አካባቢ ይደርሳል። ተናጋሪው በደንብ እንዲሰማ ከዚያ በላይ መውጣት አለበት፤ የእኛ ቴፕ ደግሞ እዚያ ከመድረሱ በፊት መንጫጫት ይጀምራል። በሌላ በኩል ከኋላ የተቀመጡ የልጆች ጆሮዎች አሉ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚያስቀምጠው ገደብ በሳምንት 40 ሰዓት በ80 ዴሲቤል ነው፤ 90 ላይ ከሆነ ግን በሳምንት 4 ሰዓት ብቻ ነው። የቢሾፍቱ ደርሶ መልስ ብዙ ሰዓት አይወስድም፣ ቢሆንም ለአያት ብሎ የልጅ ልጅን ጆሮ መጉዳት ትርጉም የለውም። ስለዚህ አምፕሊፋየሩ ከገባ ለፊት ስፒከሮች በርታ፣ ለኋላ ዝግ ብሎ ይገባል ብዬ ወሰንኩ። ባለ አራት መስመሩ ፊቱንና ኋላውን ለየብቻ ለማስተካከል ይመቻል።

የመጀመሪያው ሱቅ ያገኘሁት ወጣት፣ «እህቴ፣ ባስ ከሌለው አምፕ ምን ያደርግልሻል?» አለኝ። ኤሌክትሪኩን ከየት እንደሚወስድ ስጠይቀው፣ «ከቴፑ ገመድ ላይ እቀጥለዋለሁ፣ ምንም አይልም» አለ። አመስግኜ ወጣሁ። የቴፑ ቀጭን ገመድ የተሠራው ለቴፑ ነው፤ አምፕሊፋየር ሲጫንበት ሊግልና እሳት ሊያስነሳ ይችላል። ትክክለኛው ራሱን የቻለ ወፍራም ገመድ ከባትሪው በቀጥታ መሳብ፣ ከባትሪው በ45 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ፊውዝ ማስገባት፣ ኔጌቲቩንም ቀለሙ ከተፋቀ የመኪናው ብረት ጋር አጥብቆ ማሰር ነው። ሁለተኛው ባለሙያ ይህን ሳልጠይቀው ነገረኝ፤ ሥራውንም ለእሱ ሰጠሁት። አምፕሊፋየሩ ላይ ያለችው ማስተካከያ ድምፅ መጨመሪያ እንዳልሆነች፣ ከቴፑ ጋር አንዴ ከተስማማች በኋላ እንዳትነካ ልጄን አጠገቡ አቁሞ አስጠነቀቀልኝ። ከእኔ ይልቅ እሱን ይሰማል።

አሁን ከፊት ወንበር ሥር አንዲት የመጽሐፍ ያህል ሣጥን አለች። ፈጣን መንገዱ ላይ 24 ይበቃናል፣ የበሩ ፕላስቲክም ዝም ብሏል። እማዬ ከተራኪው ጋር መከራከር ጀምራለች፤ ባለፈው እሁድ ዱከም ጋ ስንደርስ «ኧረ ይቺ ልጅ እሱን እንዳታገባው!» ብላ ጮኸች።

አምፕሊፋየሩ የሚረዳት ግን መኪና ውስጥ ስትሆን ብቻ ነው። ለቅሶ ቤት፣ ዕድር ስብሰባ ላይ፣ ስልክ ስታወራ አብሯት አይሄድም። ሐኪሙ የመስሚያ መሣሪያ እንድትሞክር መክሯታል። መጀመሪያ «እሱ ላረጁ ሰዎች ነው» ብላ ነበር፤ አሁን «እስቲ ላስብበት» ብላለች። ቀጠሮው ጥቅምት ላይ ነው፣ እስከዚያ ደጋግሜ አላነሳባትም።