ያ የግሪክ ፕሮግራም

ትናንት ማታ አንዲት የድሮ ተማሪዬ በሜሴንጀር ጻፈችልኝ፦ «ቲቸር፣ ያ የግሪክ ዘፈን አለዎት? ካለ ይላኩልኝ።» ሰላምታ የለ፣ እንዴት ነዎት የለ። ያለችው ጂዳ ነው። መልስ ሳልሰጥ አደርኩ። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ፣ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

2011 ዓ.ም. ነው። ወረኢሉ ላይ አማርኛ ሳስተምር የሚኒ ሚዲያ ክበቡን «አንተ ወጣት ነህ» ብለው ለእኔ ሰጡኝ። ሚኒ ሚዲያ ሲባል ስቱዲዮ እንዳይመስላችሁ። አንድ አምፕሊፋየር፣ ገመዱ በፕላስተር የተጠቀለለ አንድ ማይክ፣ ባህር ዛፍ ላይ የተሰቀለ ድምፅ ማጉያ፣ አለቀ። መብራት ካለ በረፍት ሰዓት 15 ደቂቃ እናወራለን። መብራት ከሌለ ልጆቹ ኳሳቸውን ይጫወታሉ።

እኔ በሬዲዮ ወሬ ያደግኩ ሰው ነኝ። አባቴ ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርክ ጎረቤቱ ሁሉ አንድ ቤት ተሰብስቦ እንዴት ጸጥ ይል እንደነበር ሲያወራ አይጠግብም ነበር። እና ያንን ጸጥታ ባህር ዛፉ ሥር ላመጣው ፈለግኩ። እሮብን «ግጥምና ዜማ» ብዬ ያዝኩ። መጀመሪያ የራሳችንን ነው ያቀረብነው፣ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺ ሆዬ። አራቱን ቅኝት እያሰማሁ ባቲም አምባሰልም የወሎ አገር ስም መሆናቸውን ስናገር ደረቴን ነፍቼ ነው። ልጆቹ ግን «ቲቸር ይሄንማ ሰርግ ላይ እንሰማዋለን» አሉኝ። እውነታቸውን ነው።

ግሪክ የመጣችው በእህቴ በኩል ነው። እህቴ መጀመሪያ ቤሩት ሄደች፣ ከዚያ እንዴት እንደሆነ ዛሬም ሙሉውን አልነገረችንም፣ አቴንስ ገባች። አንዲት አሮጊት ትጠብቃለች። «ያያ» ነው የምትላቸው፣ በእነሱ ቋንቋ አያቴ ማለት ነው። በኢሞ ድምፅ ስትልክልን ሁሌም ከኋላዋ የያያ ሬዲዮ ይሰማል። እናቴ ልጇን ትሰማለች፣ እኔ ሬዲዮውን። አንድ ቀን ከኋላ አንድ ክላርኔት እያለቀሰ ሲመጣ እናቴ «ይሄ የኛ ሰው ነው እንዴ?» አለች።

የኛ ሰው አልነበረም። ኢጲሮስ የሚባል የሰሜን ምዕራብ ግሪክ ተራራማ አገር ዜማ ነው። ኋላ ሳነብ ግን እናቴ ብዙም እንዳልተሳሳተች ገባኝ። የኢጲሮስ ሰዎች ዘፈናቸው እንደኛው በአምስት ድምፅ የተሠራ ነው። ለቅሶ ላይ የሚወጣ ሙሾም አላቸው፣ ሴቶች ናቸው የሚያወርዱት፣ ክላርኔቱም ያንኑ የሙሾ ዜማ ይዞ ያለቅሳል። ደጋ ነው፣ ድንጋይ ነው፣ ወንዱ ለሥራ ባህር ማዶ ይሄዳል። እኛን ነው የሚመስለው።

እና አራት እሮብ ሙሉ ግሪክን አቀረብኩ። ስለ ሬቤቲኮ አወራሁ። በፈረንጆች 1922 ሰምርኔስ ተቃጠለች፣ በማግስቱ ዓመት በተፈረመው የሕዝብ ልውውጥ ከ1 ሚሊዮን በላይ ሰው ከትንሿ እስያ ተነቅሎ ግሪክ ገባ። ያ ስደተኛ ይዞት የመጣው ዜማ ፒሬየስ ወደብ ላይ ከቡዙኪ ጋር ተጋባ። ስለ ሴፌሪስ አወራሁ፣ እሱም የሰምርኔስ አካባቢ ልጅ ነው፣ 1963 ላይ ለግሪክ የመጀመሪያውን የሥነ ጽሑፍ ኖቤል ያመጣ። 1971 ሲሞት ወታደሮቹ ሥልጣን ላይ ናቸው፣ የቴዎዶራኪስ ሙዚቃ የተከለከለ ነው። የቀብሩ ሕዝብ ግን ቴዎዶራኪስ ዜማ የሠራለትን የሴፌሪስን ግጥም መንገድ ላይ ዘፈነው። (ወታደሮቹ 1974 ላይ ወደቁ፣ ከሁለት ወር በኋላ የኛዎቹ ንጉሡን አወረዱ። ታሪክ አስተማሪው ይቺን ሲሰማ «ከእኔ ክፍለ ጊዜ ውጣ» አለኝ።)

አንድ የሥራ ባልደረባ «ለገጠር ልጅ ግሪክ ምን ያደርግለታል?» ብሎ ስብሰባ ላይ አነሳብኝ። ወንጌል የሚለው ቃል ራሱ ከግሪክ መምጣቱን፣ ኢዛና ድንጋይ ላይ ከግዕዙ ጎን በግሪክኛ ማጻፉን ጠቅሼ አፉን ያስያዝኩት መስሎኝ ነበር። አሁን ሳስበው የጠየቀው ሌላ ነበር።

አራተኛው እሮብ ስለ «ክሴኒትያ» ነበር። የባዕድ አገር ኑሮ ማለት ነው፣ ስደት ብንለው ይቀርባል። ግሪኮች ለዚህ ብቻ የተለየ የዘፈን ዓይነት አላቸው። የሚሄደውን ሰው እንደሞተ ቆጥረው ነው የሚሸኙት፣ እናት ለተሰደደ ልጇ የምትዘፍነውና ለሞተው የምታወርደው ሙሾ ለመለየት ያስቸግራል። የእህቴን መልእክት ራሱን፣ ከኋላው ክላርኔቱ ያለበትን፣ በማይኩ አሰማሁት። ኳሱ ቆመ። አባቴ የነገረኝ ጸጥታ መጣ። ደስ አለኝ ወላሂ፣ ልዋሻችሁ አልችልም።

ሲያልቅ ይቺ ልጅ መጣች። 10ኛ ክፍል ነች፣ ጎበዝ፣ ዝምተኛ። «ቲቸር፣ ዘፈኑ ላይ ይመለሳሉ?» አለችኝ። እኔ ስለ ግጥሙ አሠራር ነው ያወራኋት፣ መመለስ አለመመለሱን ዘፈኑ ክፍት እንደሚተወው ምናምን። አዳምጣኝ ሄደች። በሰኔ የመልቀቂያ ፈተናውን ተፈተነች፣ ውጤት ሳይመጣ ተሳፈረች። ደላላው ያኔውኑ ቤታቸው ይመላለስ እንደነበር ጓደኞቿ ኋላ ነገሩኝ። ልጅቷ ስለ ግጥም አልጠየቀችኝም። ቁጭ በይ እስቲ፣ ማን ሊወስድሽ ነው ማለት ነበረብኝ። እኔ በጸጥታው ሰክሬያለሁ።

ዘፈኗ ብትሰማ ባትሰማ ትሄድ ነበር ይሉኛል፣ ይሆናል። ግን ስደትን እንዲህ አሳምሬ ባህር ዛፍ ላይ የሰቀልኩት እኔ ነኝ፣ ያ አይቀርም።

2014 ላይ ጦርነቱ ሲመጣ የሚኒ ሚዲያው ክፍል ተዘረፈ፣ ፍላሹም አብሮ ሄደ። ያያም ሞተዋል፣ እህቴ ሌላ ቤት ገብታለች፣ እዚያ ሬዲዮ የለም አለችኝ። ያ የድምፅ መልእክት ግን እናቴ ስልክ ላይ አለ፣ አታስጠፋውም። ዛሬ ጠዋት ከእሷ ስልክ ወስጄ ለልጅቷ ላክሁላት። ዘፈኑን ከእህቴ ድምፅ መለየት ስለማይቻል እንዳለ ነው የላክሁት፣ «እማ ደህና ነኝ፣ አብሽሪ፣ በልቻለሁ» የሚለውን ጭምር።

ከአንድ ሰዓት በኋላ መለሰች።

«አመሰግናለሁ ቲቸር። እህትዎ መጡ?»

ገና፣ ብዬ ጻፍኩላት።