በውርጌሳ የተገኘ ሞተሪኖ

ከወልድያ ተነሥቶ ወደ ደሴ የሚወርድ መንገደኛ መርሳን በፍራፍሬዋ ያስታውሳታል፤ ውጫሌንም በ1881 ዓ.ም. በተፈረመው ውል። በሁለቱ መካከል ያለችውን ውርጌሳን ግን ብዙው ሰው በአውቶቡስ መስኮት አይቷት ያልፋል። እኔም እስካለፈው ክረምት ድረስ ከአላፊዎቹ አንዱ ነበርሁ።

ከመኪና ያወረደኝ የአጎቴ ቮልስዋገን ጣጣ ነው። ሞተሪኖዋ ተቃጥሎ የሠፈር ልጆች እየገፉ ሲያስነሧት ከረሙ፤ በመጨረሻም ሰለቻቸው። የዚህች መኪና የመጨረሻዋ በሜክሲኮ ፋብሪካ የተሠራችው በሐምሌ 1995 ዓ.ም. ነው፤ ስለዚህ መለዋወጫዋን በየሱቁ ማግኘት ቀላል አይደለም። አዲስ አበባ፣ ሶማሌ ተራ ድረስ መሄድ ይቻላል። ባለ ቮልሶች ግን እርስ በርሳቸው መፈላለግን ይመርጣሉ፤ ዕቃው ከየትኛው መኪና እንደ ተፈታ የሚነግራቸው ሰው ይሻሉና። እኔንም ውርጌሳ ወዳሉ አንድ ጡረተኛ ሹፌር የላከኝ ባለ ቮልስ የሆነ የደሴ ሰው ነው።

የሽማግሌው ጓዳ ከጎተራው ጎን የብረት ጎተራ ነው ቢባል ሐሰት አይሆንም። ፍሪሲዮን፣ ማርሚታ፣ ፓራፋንጎ፣ ፍሬቻ፤ ሁሉም በማዳበሪያ ከረጢት ተጠቅልሏል። መኪናዋን የሠራት ጀርመን ሲሆን ለዕቃዎቿ ስም ያወጣው ጣሊያን ነው፤ በ1928 እና በ1933 ዓ.ም. መካከል ይህን መንገድ ሠርቶ ሲሄድ ድንጋዩን ከነቃላቱ ትቶልናል።

ገንዘቤን ላወጣ ስል፣ «ቆይ መምህር፤ የአጎትህ መኪና ስንት ቮልት ናት?» አሉኝ።

«ባትሪዋ ባለ 12 ነው፣ ጋሼ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። የእርሳቸው ሞተሪኖ ባለ 6 ነበር። ፋብሪካው ከ6 ወደ 12 ቮልት ሲሸጋገር፣ ሞተሪኖው የሚነክሰውን የትልቁን መዘውር ጥርስ ከ109 ወደ 130 አድርሶታል፤ የአንዱ ሞተሪኖ ለሌላው በግድ ቢገጠም ጥርሱን ይበላዋል። እኔ የታሪክ መምህር ነኝ፤ ስለ ጥርስ የማውቀው ስለ ራሴ ብቻ ነው። ሽማግሌው ዝም ብለው ቢሸጡልኝ ኖሮ አመስግኜ እሄድ ነበር።

«ጥርሱ ከተበላ መኪናዋ ሞተች ማለት ነው። ሌላ ከየት ይመጣል?» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ አሮጌውን የሚንከባከብ ሰው በዝቷል። ከዚያም ሞተሪኖውን በከረጢት አድርገው ሰጡኝ። «ገንዘብህን ያዝ። አጎትህ ይቍጠረው፤ 109 ከሆነ ትልክልኛለህ፤ ካልሆነም በሚመጣ መኪና መልስልኝ። አብሽር!» መታወቂያ እንኳ አልጠየቁኝም።

ማታውን አጎቴ ሞተሩን በእጁ እያዞረ በሞተሪኖው ቀዳዳ በኩል ቈጠረ። በኖራ ምልክት እያደረገም ሁለት ጊዜ ተሳሳተ። በሦስተኛው 109 ሆነ! ለካ መኪናዋ ጥንቱን ባለ 6 ናት፤ ባትሪዋንና አምፖሏን የለወጠው የቀድሞ ባለቤት ይህን ለማንም አልተናገረም።

በማግሥቱ ገንዘቡን በስልክ ልኬ ለሽማግሌው ደወልሁላቸው። ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ፣ «እንግዲያው ባለ 6 ሞተሪኖ በ12 ባትሪ እየሠራ ኖሯል፤ የፊተኛውም የተቃጠለው ቍልፉን ይዞ ስለሚያቈየው ይሆናል» አሉ። «ሞተሩ እንደ ተነሣ ወዲያው ይልቀቅ በለው፤ እኔ ዘንድ ሌላ የለም።»