ሙሴ የሌለው ማኅበር

በእኛ ልጅነት ጋይንት ውስጥ ሀሁንና አቡጊዳን የጨረሰ ልጅ ቀጥሎ የሚይዘው የዮሐንስን መልእክት ነበር። የኔታ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው፣ አለንጋቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው፣ ግዕዝ ንባቡን፣ ውርድ ንባቡን፣ ቁም ንባቡን ያስጮኹናል። ወንድሙን እየጠላ እግዚአብሔርን እወዳለሁ የሚል ሰው ውሸታም መሆኑን የሚናገረውን ምዕራፍ አፋችን እስኪላመደው ደገምነው። በግዕዝ ስለሆነ ምን እንደምንል አናውቅም። አጠገባችን የተቀመጠውን ልጅ በክርን እየጎሸምን ነው ያነበብነው።

ዛሬ ያው ምዕራፍ በአማርኛ ተጽፎ፣ የጀምበር መውጫ ሥዕል ተደርቦበት፣ ማለዳ በቴሌግራም ይደርሳል። ነፋስ መውጫ ያለውም፣ ወገዳ ያለውም፣ ዋሽንግተን ያለውም እኩል ያነበዋል። ላኪው ምዕራፉንም ቁጥሩንም አሟልቶ ጽፏል። ረፋድ ላይ እዚያው ቡድን ውስጥ የሌላ ወገን ሰው ሲዘልፍ የምናገኘውም እሱኑ ነው። ትርጉሙ አልጠፋውም።

ያኔ ወንጌሉ ሲተረጎም የምናየው ጽዋ ማኅበር ላይ ነበር። ሁለት ማኅበርተኞች በእርሻ ድንበር ተኳርፈው ከሆነ፣ የማኅበሩ መሪ፣ ሙሴው፣ ሳያስታርቃቸው ጽዋ አይነሳም። ጠላው ተቀድቶ፣ ዳቦው ሳይቆረስ፣ ቤቱ ሙሉ ሰው ይጠብቃል። ራብ የጠናበት አንድ ሽማግሌ «ኧረ እናንተ ሰዎች፣ ታረቁና እንብላበት!» ይላል፤ ይሳቃል። በሳቁ መሃል ሁለቱ ተነሥተው ይሳሳማሉ። መባ ከማቅረብ በፊት ከወንድም ጋር መታረቅ እንደሚቀድም ማቴዎስ ምዕራፍ 5 ላይ መጻፉን ከዚያ ሁሉ ሰው የሚያውቀው ምናልባት ቄሱ ብቻ ነበሩ።

አዲስ አበባ የከተምነው የአገር ልጆችም ማኅበር አለን። መዋጮው በቴሌብር ይገባል። የተኳረፈ ሰው ድርሻውን ልኮ ይቀራል፤ ገንዘቡ ገብቷልና የት ቀረ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ሒሳባችን ግን ከድሮው ይልቅ የጠራ ነው።

ወደ ልጅነታችን ስመለስ፣ የጋይንቷ ቤተልሔም የድጓ ማስመስከሪያ በመሆኗ ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከትግራይ ሳይቀር ተማሪ ይመጣ ነበር። ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ ዱላውን ለውሻ አዘጋጅቶ ደጃፍ ላይ «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላል። እናቶቻችን ከመሶቡ ቁራሽ አያጡም። ይህ አገር ተርፎት የሚሰጥ አገር አይደለም፤ ጋይንትና ስማዳ በ1997 ዓ.ም. ሴፍቲኔት ሲጀመር ከታቀፉት ወረዳዎች ናቸው። የመሸበትም መንገደኛ የእግዜር እንግዳ ተብሎ እግሩ ይታጠባል። ስለተራበና ስለእንግዳ የሚናገረውን ማቴዎስ 25ን ያላነበቡ ሰዎች ናቸው ይህን ያደረጉት።

ያን ዘመን ማሞካሸት ግን አያዋጣም። እግር ያጠበው ሰው ደም ሲቃባ ትውልድ ይፈጅ ነበር። ሚስት ለባሏ ትገዛ የሚለው የኤፌሶን ቃል በየቤቱ ይጠቀሳል፤ ሦስት ቁጥር ወረድ ብሎ ባል ሚስቱን ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያንን እንደወደደ እንዲወድ መታዘዙን ግን ሲጠቅስ የሰማሁት አባወራ የለም። በ1954 ዓ.ም. የታተመው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ በመንደሩ አንድ ቤት ቢገኝ ነው፤ ቢገኝም እናቶቻችን ማንበብ አይችሉም ነበር።

አሁን የእነዚያ እናቶች የልጅ ልጅ ስልኳን ታወጣና ያንን የኤፌሶን ቁጥር 25 ለአባቷ ታነብለታለች። ጥቅሱ እንደ ዱላ ይዞት ከነበረው እጅ ወጥቷል። ለዚህ ትርፍ ስል የየኔታን አለንጋም የቴሌግራሙን የጀምበር ሥዕልም እታገሣለሁ።

የማልታገሠው ጥቅሱ ሰው ሳያስታርቅ መመላለሱን ነው። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል ጦርነት ሲነሣ ኢንተርኔት ለወራት ተቋረጠ፤ የማለዳው ጥቅስም አብሮ ቀረ። እንደ ጽዋው ማኅበር ያለው ሰንበቴ ግን ኔትወርክ አይፈልግም። ዳቦና ጠላ የሚያመጣ ተረኛ፣ ከተረኛውም ጋር የሚቀመጥ ጎረቤት ካለ ይበቃዋል። ኢንተርኔቱ ሲመለስ ጥቅሱ ተመለሰ፤ ዘለፋውም ተከትሎት መጣ።

ድሮ ሙሴ ነበረን፤ መጽሐፍ አልነበረንም። ዛሬ መጽሐፉ በየኪሱ አለ፤ ጽዋውን ይዞ «መጀመሪያ ታረቁ» የሚል ሰው ግን ጠፋ። ሁለቱን ማገናኘት የሚያቅት አይመስለኝም። የቴሌግራም ቡድን የምታስተዳድሩ ልጆች፣ ሙሴነቱ አሁን የናንተ ነው፤ የተዘላለፉት ሰዎች ሳይታረቁ የነገውን ጥቅስ አትልቀቁ።