ቅዳሜን ከልጆች ጋር በጀርመን ቪሌጅ

ለሽርሽር የግድ ሩቅ መሄድ የለባችሁም። ከዳውንታውን በስተደቡብ ጀርመን ቪሌጅ አለላችሁ። መኪናችሁን አቁማችሁ በእግር ዙሩ፤ ቤቱም መንገዱም በአብዛኛው ጡብ ነው። የ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀርመናውያን ስደተኞች የሠሩት ሰፈር ነው። 32 ክፍል ያለው ቡክ ሎፍት የሚባል መጻሕፍት ቤት ስትገቡ ልጆቹን እጃቸውን ያዙ፤ ይጠፉባችኋል!

ምሳ ቋጥራችሁ ሺለር ፓርክ ብሉ። ፍርፍር ሲቀዘቅዝም ይጣፍጣል፤ እኔ ምግብ ሻጯ ልንገራችሁ። የገጣሚውን የሺለርን ሐውልት የከተማው ጀርመኖች እ.ኤ.አ. በ1891 አቆሙት። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ግን ጀርመንኛ ከትምህርት ቤት ወጣ፤ ፓርኩም ዋሽንግተን ተባለ። ስሙ በ1930 ተመለሰ። ቋንቋው ግን ወደ ሰፈሩ አልተመለሰም። እዚያው ሐውልቱ ሥር ቁጭ በሉና ይህን ለልጆቻችሁ ንገሯቸው። በአማርኛ።