ሽለላ በሳክስፎን

እኛ የእምድብር ልጆች ለመስቀል አገር ቤት ስንገባ እጃችንን ባዶ አንገባም። አምና ይዘን የገባነው የጋሽ ጌታቸው መኩሪያን ሙዚቃ ነበር። ክትፎው ተበልቶ ሲያበቃ «ቆይ፣ ጃዝ እናሰማቸው» ተባባልን። እውነቱን እንናገርና፣ በልባችን «አይገባቸውም» ብለን ነበር።

ሳክስፎኑ ሲጮህ አንድ አዛውንት ከዘራቸውን ጨብጠው ብድግ አሉ። «ይሄ እኮ ሽለላ ነው! ቃሉን የት አደረሰው?» አሉን በጉራግኛ። አፈርን።

እውነትም ሽለላ ነው። በ1927 ዓ.ም. በይፋት የተወለዱት ጋሽ ጌታቸው ወደ ክላርኔትና ሳክስፎን የገቡት ክራርና መሰንቆ ሞክረው ነው። በማዘጋጃ ቤት ባንድ፣ ኋላም በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትርና በፖሊስ ኦርኬስትራ ተጫወቱ። የሸላዩን ጉሮሮ ወደ ነሐስ አዞሩት። ጩኸታቸው የአሜሪካኖቹን ፍሪ ጃዝ ይመስላል ይባላል፤ እሳቸው ግን ከነዚያ አልተማሩትም። በስተርጅና ዘ ኤክስ ከተባለው የሆላንድ ባንድ ጋር አውሮፓን ሲዞሩም ይዘው የሄዱት ያንኑ ሽለላ ነው። መጋቢት 26 ቀን 2008 ዓ.ም. አረፉ።

እኛስ? ጊታሩን እንደ ምንም እንገርፋለን፤ የእናቶቻችንን ዘፈን ግን አንዱን እንኳ ከነግጥሙ አናውቅም። ያን ማታ አዛውንቱ «በሉ እስቲ፣ ደግሞ የኛን ተጫወቱልን» ሲሉ መልስ አጣን። ትልቁም ትንሹም ዝም ብሎ አየን። ዘንድሮ ክረምቱን ከእናቶቻችን ጓዳ ዘፈን እየለቀምን ነው። ለመጪው መስቀልማ ዝም አንልም!