ለዕረፍት ሄደን ሻርጃ ላይ የተማርነው

ባለፈው የበረዶ ወራት የሁለት ሳምንት ዕረፍት ባገኘን ጊዜ፣ ከነፃ ትምህርት አበላችን ዓመቱን ሙሉ ያጠራቀምነውን ይዘን ወደ ዱባይ ለመሄድ ወሰንን። እኛ ማለት ሁለት የአራተኛ ዓመት የሕክምና ተማሪዎች ነን። ዓላማችንም ፀሐይ መሞቅ፣ ባሕር ማየትና ደህና እንጀራ መብላት እንጂ ሌላ አልነበረም።

ዱባይ አውሮፕላን ማረፊያ ስንደርስ ከአዲስ አበባ የመጡ መንገደኞች ከእኛ ጋር ተሰለፉ። አብዛኞቹ ወረቀታቸውን በላስቲክ ማኅደር የያዙ ልጃገረዶች ነበሩ። አማርኛ ስናወራ የሰማች አንዲቱ ወረቀቷን ዘርግታ፣ «ወንድሜ፣ ይኼ ምን ይላል?» አለች። የአሠሪዋ ስምና የስልክ ቁጥር ነበር፤ አነበብንላት። ሰልፉ ገፋና ተለያየን።

የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናት እንደ ማንኛውም አገር ጎብኚ አሳለፍን። 828 ሜትር ከፍታ ያለውን ቡርጅ ኸሊፋን አንገታችን እስኪያመን አንጋጠን አየን። በእንጨት ጀልባም ከዴይራ ወደ ቡር ዱባይ ወሽመጡን ተሻገርን። የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች የተመሠረተችው እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 2 ቀን 1971 መሆኑን ስናስብ፣ በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ይህ ሁሉ መሠራቱ አስደነቀን። በማን እጅ ተሠራ ብለን ግን አልተጠያየቅንም።

በአራተኛው ቀን፣ እሑድ፣ የአንዳችን የአክስት ልጅ ሻርጃ ድረስ ጠራችን። ይህች እኅታችን እ.ኤ.አ. ከ2013 እስከ 2018 ለሥራ ወደ ዓረብ አገሮች መሄድ በታገደበት ጊዜ በደላላ እጅ የወጣች ስትሆን፣ አጅማን ውስጥ በቤት ሠራተኝነት ተቀጥራ ትኖራለች። አጅማን ከሰባቱ ኤምሬቶች በስፋት ትንሿ ናት፤ ሻርጃ በእርሷና በዱባይ መካከል ትገኛለች። ሦስቱ ከተሞች ተያይዘው ስላደጉ ድንበራቸው ለእንግዳ አይታወቅም። የአገር ልጆች ለዕረፍት ቀናቸው መሰብሰቢያ እንዲሆናቸው ሻርጃ ላይ አንዲት ክፍል በጋራ ተከራይተዋል። ስንገባ ቡናው ተፈልቶ፣ ዕጣኑ ጨሶ ስድስት ሴቶች ይጠብቁን ነበር። «ዶክተሮቹ መጡ!» ተብሎ ሲጨበጨብልን ኮራን።

እኅታችን ሳል ከያዛት ሦስት ወር ሆኗት ነበር። እኛም ዶክተር ተብለናልና ጥያቄያችንን ደረደርን፤ ትኩሳት አለሽ? ሌሊት ያልብሻል? ክብደት ቀንሰሻል? ደም ያለበት አክታ አይተሻል? ስለ ሳንባ ነቀርሳና ስለ አስም አብራራን፤ ራጅ እንድትነሣም መከርን። በትዕግሥት ከሰማችን በኋላ፣ «እሑድ እሑድ እኮ ይተወኛል» አለች። ሰማን እንጂ ልብ አላልነውም።

ይህን ጊዜ ቡና ትቀዳ የነበረችው ታላቋ ሴት ጀበናዋን አስቀምጣ፣ «እኔንም እንዲሁ አድርጎኝ ነበር። አንቺ፣ በረኪናውን ከምን ጋር ነው የምትቀላቅይው?» ስትል ጠየቀቻት።

ነገሩም ይኸው ነበር። መታጠቢያ ቤቱ ይበልጥ እንዲነጣ በረኪናን አሲድ ካለበት የሽንት ቤት ማጽጃ ጋር እየደባለቀች፣ በሩን ዘግታ በየቀኑ ትፈትግ ነበር። ሁለቱ ሲቀላቀሉ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል። የጀርመን ጦር እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1915 ቤልጂየም ውስጥ ኢፕር አጠገብ በጠላቶቹ ላይ የለቀቀው ያንኑ ጋዝ ነው። ይህን ኬሚስትሪ በአንደኛ ዓመት ተፈትነን አልፈናል። ጣሊያናዊው ሐኪም ቤርናርዲኖ ራማዚኒ እ.ኤ.አ. በ1700 ባሳተመው መጽሐፍ ሐኪም በሽተኛውን ስለ ሥራው እንዲጠይቅ መምከሩንም አጥንተናል። ታዲያ ለምን አልጠየቅናትም? እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ የእርሷ ሥራ ሥራ ስላልመሰለን ነው። እናቶቻችንና እኅቶቻችን ሲሠሩት እያየን ስላደግን ሰውን ያሳምማል ብለን አስበን አናውቅም።

ከዚያ በኋላ የምናውቀውን ተናገርን። በረኪና ከአሲድም ሆነ አሞንያ ካለበት ማጽጃ ጋር አይቀላቀል፤ መስኮትና በር ይከፈት፤ ትንፋሽ ካጠረ ወዲያው ወደ ውጭ፣ ካልተሻለም ወደ ሐኪም ቤት። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው የአገሪቱ የቤት ሠራተኞች ሕግ በየሳምንቱ አንድ የዕረፍት ቀን እንደሚሰጥና ፓስፖርትም በሠራተኛው እጅ መሆን እንዳለበት ጨምረን ነገርናቸው። እኅታችን የምታርፈው ግን በወር ሁለት ቀን ብቻ ነበር። ሳቅ ብላ፣ «በል እንግዲህ ሕጉን አንተ ለማዳም ንገርልኝ» አለችው ያክስቷን ልጅ። መልስ አልነበረንም።

ማታ በአውቶቡስ አጅማን ድረስ ሸኘናት። ከሩቅ ቆመን፣ የግቢው በር ተከፍቶ እስኪዘጋ ድረስ አየናት።

ወደ ትምህርታችን ከተመለስን ከሦስት ሳምንት በኋላ መልእክት ደረሰን፤ «ሳሉ ትቶኛል። ማዳም ግን ሽታው የለም፣ አላጸዳሽም እያለች ትቆጣኛለች።»

ውድ የማኅበራችን አባላት! ስለ ጽዳት ኬሚካሎች አንድ ገጽ ጽሑፍ በአማርኛ ጀምረናል። አውሮፕላን ማረፊያ እንዳገኘናት ልጅ «ይኼ ምን ይላል?» ብሎ የሚጠይቅ ወገን እንዲያነበው፣ ወደ ኦሮምኛና ወደ ትግርኛ የሚመልስልን ሰው እንሻለን። ፈቃደኛ የሆናችሁ እስከሚቀጥለው ስብሰባ አሳውቁን።